ከጓደኞች ጋር የአንድ ቀን ጉዞ ወደ ሮም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምኖረው ቦሎኛ ነው። ጣልያን የመጣ ጓደኛ ሁሉ፣ ከአዲስ አበባም ይምጣ ከፍራንክፈርትም ከዱባይም፣ በሁለተኛው ቀን "ሮምን በአንድ ቀን አታሳየንም?" ማለቱ አይቀርም። እሺ ብዬ ደርሶ መልስ ስንት ጊዜ እንደሄድኩ ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። ያንኑ መልስ በድምፅ መልእክት መላክ ሲሰለቸኝ ጻፍኩት። ዓመተ ምህረቶቹና የወር ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ለመሆኑ ሮም በአንድ ቀን ታልቃለች?

አታልቅም። በሳምንትም አታልቅም። መጀመሪያ የሄድን ጊዜ ቫቲካን፣ ኮሎሲየም፣ የትሬቪ ፏፏቴ፣ የስፔን ደረጃ፣ በዚያ ላይ ደግሞ ጫማ ግዢ አንድ ላይ አጨቅነው። ሲመሽ አምስታችንም ተኮራርፈን ባቡር ላይ ተቀመጥን። ከዚያ ወዲህ ከተማዋን ለሁለት ከፍለናታል፤ ወይ የቫቲካን ወገን ወይ የኮሎሲየም ወገን። ሁለቱን በአንድ ቀን የሚል ሰው ከመጣ ሌላ አስጎብኚ ይፈልግ። እኔ የኮሎሲየሙን ወገን ነው የምመክረው፤ ምክንያቱን ከታች ታዩታላችሁ።

ከየት ተነስቶ ነው በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ የሚቻለው?

በፈጣን ባቡር ከኔፕልስ አንድ ሰዓት ከምናምን፣ ከፍሎረንስ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከቦሎኛ ሁለት ሰዓት ተኩል አይሞላም። ከሚላኖም ይቻላል፤ ግን መሄጃና መመለሻው ብቻ ስድስት ሰዓት በልቶ የቀረችው ቀን አታጠግብም።

ፈጣን ባቡሮቹ ፍሬቻሮሳ እና ኢታሎ ይባላሉ። ፍሬቻሮሳ ማለት ቀይ ቀስት ነው። መኪና የሚነዳ ሁሉ "ፍሬቻ አሳይ" ሲባል የኖረበት ቃል ነው፣ እዚህ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ትኬቱን ከሳምንታት በፊት ከገዛችሁ ዋጋው ሌላ ነው፤ በመጨረሻው ቀን የገዛ እጥፍ ቢከፍል አይግረመው።

ርካሽ የሆኑት የክልል ባቡሮች ቀርፋፋ ናቸው፣ ከቅርብ ለሚመጣ ይሆናሉ። በወረቀት የተገዛ የክልል ትኬት ግን ከመሳፈራችሁ በፊት ጣቢያው ላይ ባለችው ትንሽ ማሽን መመታት አለበት። አንዱ ጓደኛችን "ከፍዬበታለሁ እኮ፣ ለምን እመታዋለሁ?" ብሎ ተሳፈረ። ተቆጣጣሪው መጣ። ቅጣቱ ከትኬቱ ዋጋ በላይ ነበር፤ ትኬቱን እስከ ዛሬ ቦርሳው ውስጥ ይዞታል።

መኪና ብንከራይ አይሻልም?

በፍጹም። የሮም መሀል ከተማ ለነዋሪ ብቻ የተፈቀዱ መንገዶች አሉት፣ መግቢያቸው ላይ ካሜራ አለ። ማንም አያስቆማችሁም፣ ፉጨት የለ ምን የለ። ከወራት በኋላ ቤታችሁ ደብዳቤ ይመጣል። ሳታውቁ ሦስት ጊዜ ገብታችሁ ከወጣችሁ ደግሞ ሦስት ደብዳቤ።

የሰዓት ቀጠሮ ላይ ለምን ታካብዳለህ?

ምክንያት ስላለኝ ነው። አንድ ጊዜ በቡድናችን መልእክት ላይ "ኮሎሲየም 10:30" ብዬ ጻፍኩ። አንዷ ጓደኛችን ከአዲስ አበባ ከመጣች ሦስተኛ ቀኗ ነበር፣ ሮም ያለች ዘመዷ ጋ አድራለች። እኛ በር ላይ ሰልፍ ይዘን ስንደውልላት ተኝታለች። ስታነሳ ረጋ ብላ "አስር ሰዓት ተኩል አላልክም እንዴ? ገና ስድስት ሰዓት አለ" አለችኝ። ጥፋቱ የማን ነው? እኛ አራት ሰዓት ተኩል የምንለውን ነው ፈረንጆቹ 10:30 የሚሉት። ትኬቱ ተቃጠለ። ከዚያ ወዲህ መልእክት ስጽፍ "ጠዋት 4:30 በኛ፣ 10:30 በነሱ" ብዬ ሁለቱንም ነው የማስቀምጠው። እዚህ ጽሑፍ ላይ ያለው ሰዓት ሁሉ በኛ ነው።

የሮም ዋናው ባቡር ጣቢያ ተርሚኒ ስንወርድ የት እንሂድ?

ቡና ጠጡ፣ ከዚያ ከጣቢያው ውጡና ፊት ለፊት ያለውን ትልቅ አደባባይ እዩት። ውበት ፍለጋ አይደለም፤ አውቶቡስ የተኮለኮለበት ተራ ቦታ ነው። ስሙ ግን ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ ነው፣ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ። አምስት መቶዎቹ በጥር 1887 ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የደመሰሷቸው የጣልያን ወታደሮች ናቸው። በየቀኑ ስንት ሺህ ሰው ሻንጣ እየጎተተ ያልፍበታል፣ ስሙ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ግን እምብዛም አይገጥማችሁም።

ትንሽ ራመድ ብትሉ ከጥንታዊው የዲዮቅልጥያኖስ መታጠቢያ አጠገብ የዶጋሊ መታሰቢያ አለ። ከላይ ያለው ድንጋይ ከግብፅ የመጣ፣ የዳግማዊ ራምሴስ ዘመን ሐውልት ነው። ለገሃር ፊት ለፊት ያለውን የይሁዳ አንበሳ ታውቁታላችሁ አይደል? በወረራው ጊዜ ተዘርፎ መጥቶ የቆመው እዚህ ሥር ነበር። ዘርዓይ ደረስ አንበሳውን አይቶ ተንበርክኮ፣ ጣልያኖቹ ከተንበረከከበት ሊያስነሱት ሲመጡ ጎራዴ የመዘዘውም እዚሁ ነው። ወደ አገሩ አልተመለሰም፣ በ1945 ጣልያን ውስጥ እንደታሰረ ሞተ። አንበሳው ግን ተመልሷል። ቦታው ላይ አሁን ዛፍና አግዳሚ ወንበር አለ፣ አንዳንዴም ተኝቶ የሚያንኮራፋ ሰው። አሥር ደቂቃ ይበቃችኋል።

የኮሎሲየም ትኬት እንዴት ነው የሚገዛው?

ቀድማችሁ፣ በኢንተርኔት፣ ከራሱ ከኮሎሲየሙ ድረ ገጽ። መደበኛው እኛ ስንሄድ 18 ዩሮ ነበር፤ በዚያው ትኬት የሮማውያን ፎረምና የፓላቲን ኮረብታም ይገባበታል። ትኬቱ ላይ የየአንዳንዳችሁ ስም ይጻፋል፣ በር ላይ መታወቂያ ይጠየቃል። ስለዚህ ፓስፖርት ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ያዙ፣ ስሙም መታወቂያው ላይ እንዳለው ይሁን። የቤት ስም አይሠራም።

በወሩ የመጀመሪያ እሁድ ነጻ ነው። ነጻነቱ ግን በሰልፍ ይከፈላል። አንድ ጊዜ ሞከርነው፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ፀሐይ ላይ ቆመን በመጨረሻ ትተነው ሄድን።

እውነቱን ልናገርና፣ ቀኑ አንድ ከሆነ ውስጡ ሳትገቡ ብታልፉም ብዙ አይቀርባችሁም። ቬስፓስያኖስ ጀምሮት ልጁ ቲቶ በ80 ዓ.ም. የመረቀው፣ ኢየሩሳሌምን ያፈረሰው ያው ቲቶ ማለት ነው፣ ሃምሳ ሺህ ገደማ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ነው፤ ግርማው ከውጭም ይታያል። ቡድኑ ውስጥ ግማሹ መግባት፣ ግማሹ አለመግባት ከፈለገ ተለያዩ። ጓደኝነት ማለት አብሮ መሰለፍ አይደለም።

ከተርሚኒ በሜትሮ ቢ ሁለተኛው ፌርማታ ነው። ደረጃውን ወጥታችሁ ቀና ስትሉ ፊታችሁ ላይ ተገትሮ ታገኙታላችሁ። ማስጠንቀቂያ የለውም።

አበበ ቢቂላ የሮጠበት መንገድ የት ነው?

ይሄን ጥያቄ ስጠየቅ ደስ ይለኛል። የኮሎሲየሙን ወገን የምመርጠውም በሱ ነው።

ከኮሎሲየሙ ጎን በ315 የተመረቀ ትልቅ የድንጋይ ቅስት አለ፣ የቆስጠንጢኖስ ቅስት። ቆስጠንጢኖስ የንግሥት እሌኒ ልጅ ነው፣ በመስቀል በዓል ደመራ ስንደምር የምናነሳት እሌኒ። የ1960ው ማራቶን የተጠናቀቀው እዚህ ቅስት ሥር ነው። መስከረም 10 ማታ፣ ጨልሟል፣ ወታደሮች በመንገዱ ዳር ችቦ ይዘው ቆመዋል። 11 ቁጥር የለበሰ፣ ማንም ከቁም ነገር ያልቆጠረው ሯጭ በባዶ እግሩ መጣ። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ፣ በጊዜው በዓለም ፈጣኑ ነበር።

ቅስቱን ጀርባችሁ አድርጋችሁ ቪያ ዲ ሳን ግሬጎርዮ በሚባለው መንገድ ሂዱ። ዛፍ የበዛበት ቀጥ ያለ መንገድ ነው። ግድግዳው ላይ ለአበበ ድል ሃምሳኛ ዓመት የተሰቀለ የመታሰቢያ ጽሑፍ አለ፤ ብዙ ሰው ሳያየው ያልፋል፣ እናንተ ዓይናችሁን ግድግዳው ላይ አድርጉ። በዚያው በ2010 የሮም ማራቶንን ያሸነፈው ሲራጅ ገና የመጨረሻዎቹን ሦስት መቶ ሜትሮች ገደማ ጫማውን አውልቆ ነው የጨረሰው።

እኛ ስንሄድ አንዱ ጓደኛችን፣ ሆዱ ትንሽ የገፋ ሰው ነው፣ "እኔም እሞክረዋለሁ" ብሎ ጫማና ካልሲውን አወለቀ። ሐምሌ ነበር፣ ድንጋዩ ምጣድ ሆኗል። ሃያ እርምጃ ሄደ። ከዚያ አንድ እግሩን አንስቶ፣ ሌላውን አንስቶ፣ "ኧረ ወገን!" ብሎ ሣሩ ላይ ዘሎ ገባ። እየሳቅን ብዙ ቆየን። ቆይቶ ግን እሱ ራሱ ጫማውን እያሰረ "42 ኪሎ ሜትር" አለ፣ ቀስ ብሎ። ማንም አልመለሰለትም።

የአክሱም ሐውልት የቆመበት ቦታስ ይታያል?

ይታያል፣ በዚያው መንገድ መጨረሻ ላይ ነው። ፖርታ ካፔና ይባላል፣ ትልቁ ነጭ ሕንጻ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ፋኦ ነው። ሕንጻው ሲጀመር የታሰበው ለቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ነበር፤ ሐውልቱንም በ1937 እዚያ ያቆሙት ለዚያ ነው።

አበበ ከሞሮኮው ራዲ ጋር ትከሻ ለትከሻ ሲሮጥ ቆይቶ ጥሎት የሄደው እዚህ አካባቢ፣ ከሐውልቱ ጋ ሲደርስ ነው። ድርሰት ላይ ቢጻፍ "አጋነንከው" ይባል ነበር። ራዲ ሃያ አምስት ሰከንድ ገደማ ዘግይቶ ሁለተኛ ወጣ።

ሐውልቱ ተነቃቅሎ በሦስት ቁራጭ በግዙፍ የጭነት አውሮፕላን በሚያዝያ 2005 አክሱም ገባ፣ በ2008 ተመልሶ ቆመ። ቁመቱ 24 ሜትር ነው። የቆስጠንጢኖስን ቅስት አይታችሁ ከመጣችሁ አንድ ነገር ልጨምርላችሁ፣ ቅስቱና ሐውልቱ የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም ወደ አራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው የሚቆጠሩት። አሁን በቦታው ለመስከረም 11 የሽብር ጥቃት ሰለባዎች መታሰቢያ የተተከሉ ሁለት ዓምዶች አሉ። ፎቶ ለማንሳት የሚመጣ የለም። ባዶውን ቦታ ለማየት የምንሄድ እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም፤ እኔ ግን ሮም ውስጥ ከማያቸው ነገሮች ሁሉ ደስ የሚለኝ ይሄ ባዶ ቦታ ነው።

ከዚያ ወዴት?

ሰርከስ ማክሲመስን፣ የጥንቱን የሠረገላ ውድድር ሜዳ፣ አቋርጣችሁ የአቬንቲኖን ዳገት ውጡ። ላይ የብርቱካን ዛፎች ያሉት የአትክልት ስፍራ አለ፣ ከተማዋ ከነጉልላቷ ከታች ትታያለች። ከሱ ትንሽ አለፍ ብሎ የማልታ ፈረሰኞች ግቢ በር አለ፤ በቁልፉ ቀዳዳ ስታዩ የቅዱስ ጴጥሮስ ጉልላት ልክ መሀሉ ላይ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። በስልክ ፎቶ አይወጣም፣ አትድከሙ፣ ዝም ብላችሁ እዩት።

ቀጥሎ ካምፒዶልዮ። አደባባዩን የነደፈው ሚኬላንጄሎ ነው፣ ማራቶኑ የተነሳውም ከዚህ ነው። ከካምፒዶልዮ እስከ ቆስጠንጢኖስ ቅስት በቀጥታ ብትሄዱ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። እነ አበበ ግን በአፒያ ጎዳና ዞረው ነው የመጡት።

ከዚያ ፓንቴዎን፣ ከፓንቴዎን ትሬቪ፣ ከትሬቪ በእግር ተርሚኒ። ሲደመር ከስምንት እስከ አሥር ኪሎ ሜትር ይሆናል። መንገዱ ይሄው ነው።

ፓንቴዎን ውስጥ መግባት ያዋጣል?

እኛ ስንገባ 5 ዩሮ ነበር፣ ያዋጣል። ከሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቆመ፣ 43 ሜትር ስፋት ያለው ጉልላት ነው፤ ብረት ሳይገባበት በኮንክሪት ከተሠሩት እስከ ዛሬ የሚበልጠው የለም። አናቱ ላይ ክፍት ቀዳዳ አለ። ዝናብ ሲዘንብ ውስጥ ይዘንባል፣ ወለሉ ላይ ውሃው የሚወርድባቸው ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ።

የሠዓሊው ራፋኤል መቃብር እዚህ ነው፣ ሰው ሁሉ እሱ ጋ ይጋፋል። እናንተ ደግሞ የንጉሥ ኡምቤርቶ ቀዳማዊን መቃብር ፈልጉ። ጦሩ አድዋ ላይ ሲሸነፍ ንጉሡ እሱ ነበር፣ ከአራት ዓመት በኋላ በ1900 ሞንዛ ላይ ተገደለ። የንጉሣውያኑ መቃብር አጠገብ ጎብኚ የሚፈርምበት መዝገብ ይቀመጣል። አንዱ ጓደኛችን እስክሪብቶውን አንስቶ በአማርኛ ሁለት መስመር ጻፈ። ምን እንዳለ እስከ ዛሬ አልነገረንም።

ትሬቪ ላይ ሳንቲም መወርወር ግዴታ ነው?

ግዴታ አይደለም፣ ግን ማን ይቀራል? ጀርባ ሰጥቶ፣ በቀኝ እጅ፣ በግራ ትከሻ በኩል። ሳንቲሙ ተለቅሞ ካሪታስ ለሚባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው የሚሰጠው፣ ስለዚህ እንደ ምጽዋት ቁጠሩት። ውሃው ውስጥ እግር መንከር ያስቀጣል። በነገራችን ላይ የስፔን ደረጃ ላይ መቀመጥም ከ2019 ጀምሮ ክልክል ነው፣ ቅጣቱ እስከ 400 ዩሮ ይደርሳል። ደክሟችሁ ቁጭ ልትሉ ስትሉ ፉጨት ከሰማችሁ ለናንተ ነው።

ቫቲካንን የምንመርጥ ከሆነስ?

እሺ፣ ሙሉ ቀኑን ለሱ ስጡት። የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን መግቢያው ነጻ ነው፣ የፍተሻው ሰልፍ ግን ረጅም ስለሆነ በጠዋት ድረሱ። ረቡዕ ጠዋት ጳጳሱ ሕዝብ የሚያገኙበት ስለሆነ ተዉት። ሙዚየሙ እሁድ ዝግ ነው፣ የወሩ የመጨረሻ እሁድ ብቻ ይከፈታል። ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት። ለሴቶቹ ነጠላ ከያዛችሁ ነገሩ አለቀ፤ ፈረንጆቹ በር ላይ በውድ ሻርፕ ሲገዙ እናንተ ተከናንባችሁ ትገባላችሁ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ፣ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ። በአሥራ አምስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች የተሰጠ ነው። ዝም ብሎ አይገባበትም፣ የአትክልት ስፍራውን ጉብኝት ቀድሞ ማስያዝ ይጠይቃል። ግን ይሄን እወቁልኝ፦ አንድ ከኮሎኝ የመጣ ካህን እዚያ ከነበሩት መነኮሳት ግዕዝ ተምሮ በ1513 መዝሙረ ዳዊትን ሮም ላይ አሳተመ። አሁን የምታነቡት ፊደል ለመጀመሪያ ጊዜ ማተሚያ ቤት የገባው በዚያን ጊዜ ነው። አባ ተስፋ ጽዮን ደግሞ በ1548 እና 49 አዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ፣ እዚያው ሮም።

ጾም ላይ ነን፣ ምን እንበላለን?

ከጣልያን የቀለለ አገር የለም። ፒዛ ማሪናራ በሉ፦ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖ፣ ዘይት፣ አይብ የለውም። ፓስታ አልዮ ኤ ኦልዮም በነጭ ሽንኩርትና በዘይት ነው፤ አይብ እንዳይነሰንሱበት ብቻ ቀድማችሁ ተናገሩ። ደረቁ ፓስታ እንቁላል የለውም፣ ትኩስ የሚባለው ግን ብዙ ጊዜ አለው። የአይሁዶች ሰፈር በኩል ካለፋችሁ በዘይት የተጠበሰ አርቲቾክ አለ፣ ቅጠሉ እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻል።

የፍስክ ከሆነ ካርቦናራ የተወለደው እዚህ ነው፣ ግን በአሳማ ሥጋ ነው የሚሠራው። አሳማ የማይበላ "ካቾ ኤ ፔፔ" ይዘዝ፣ አይብና ቁንዶ በርበሬ ነው።

ገንዘብ ለመቆጠብ ደግሞ በክብደት የምትሸጠዋን ፒዛ ግዙ። በእጃችሁ "እስከዚህ" ብላችሁ ታሳያላችሁ፣ በመቀስ ይቆርጡታል፣ ይመዝኑታል። ትሬቪ ፊት ለፊት ያለ ምግብ ቤት አትቀመጡ። የምግቡ ፎቶ በር ላይ ከተለጠፈ እለፉት። እንጀራ ናፈቀን ካላችሁ ተርሚኒ አካባቢ የሐበሻ ቤቶች አሉ፤ ሮም ድረስ መጥቶ ሽሮ የሚበላ ሰው ላይ አልፈርድም፣ እኔም በልቻለሁ።

ማኪያቶ ስናዝ ለምን ትንሽ ይሰጡናል?

ምክንያቱም የነሱ ማኪያቶ ያ ነው፤ በጣም ትንሽ ቡና፣ ጠብታ ወተት። ከአዲስ አበባ የመጣ ጓደኛችን ስኒውን አየው፣ አስተናጋጁን አየው፣ ወደኔ ዞሮ "ይሄ ለቅምሻ ነው?" አለኝ። የኛን የሚመስል ከፈለጋችሁ ካፑቺኖ እዘዙ። "ላቴ" ብቻ ካላችሁ ደግሞ አንድ ብርጭቆ ወተት ነው የሚመጣላችሁ።

ባንኮው ላይ ቆማችሁ ጠጡ። ከተቀመጣችሁ ዋጋው ይጨምራል፣ አንዳንድ አደባባይ ላይ እጥፍና ከዚያም በላይ።

ጣልያንኛ አንችልም፣ ችግር አለው?

ሳታውቁት ትችላላችሁ። ፒያሳ፣ መርካቶ፣ ፌርማታ፣ ባንኮ፣ ፉርኖ፣ ቢራ፣ ቦርሳ፣ ቻው። ሽንት ቤት ስትፈልጉም "ባኞ?" በሉ፣ ይገባቸዋል። ሂሳብ "ኢል ኮንቶ" ነው። በቃ።

ውሃ መያዝ አለብን?

ባዶ ጠርሙስ ያዙ። በየመንገዱ ቀን ከሌሊት ውሃ የሚፈስባቸው የብረት ቧንቧዎች አሉ፣ ናዞኒ ይባላሉ፣ አፍንጫሞች ማለት ነው። በከተማዋ 2,500 ገደማ አሉ፣ ውሃው ቀዝቃዛና ንጹህ ነው። ስትጠጡ አንገታችሁን አታጣምሙ። የቧንቧውን አፍ በጣታችሁ ድፈኑት፤ ከላይ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ውሃው ቅስት ሠርቶ ወደ አፋችሁ ይመጣል። መጀመሪያ ሳያውቅ የሞከረ ሸሚዙን ያርሳል፣ ጓደኛ ለዚህ ነው።

ጫማስ?

የለመዳችሁት፣ ሶሉ ወፈር ያለ። የመሀል ከተማው መንገድ በትናንሽ ጥቁር ድንጋይ የተነጠፈ ነው፣ ተረከዝ በመሀሉ ይሰነቀራል። አዲስ ጫማ ለፎቶ ብላችሁ አታድርጉ፣ ኋላ እንቀመጥ ብላችሁ ትለምኑኛላችሁ።

ሌባ ይበዛል የሚባለው እውነት ነው?

ተርሚኒ፣ ሜትሮ ውስጥ፣ እና ወደ ቫቲካን የሚሄደው 64 ቁጥር አውቶቡስ ላይ አዎ። ስልክ የኋላ ኪስ ውስጥ አይቀመጥም። ኮሎሲየም አካባቢ "ወንድሜ!" ብሎ ክር አምባር እጃችሁ ላይ ሊያስር የሚመጣ አለ፣ ስጦታ ነው ይላል፣ ከታሰረ በኋላ ዋጋ ይመጣል። ፈገግ ብላችሁ እጃችሁን ኪሳችሁ ከትታችሁ እለፉ።

በጠቅላላው ስንት ይፈጃል?

ባቡሩን ሳይጨምር፣ እኛ ስንሄድ በነበረው ዋጋ፦ ሜትሮ 1.50 ዩሮ፣ ኮሎሲየም 18፣ ፓንቴዎን 5፣ ምሳ በቁም ከሆነ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት፣ ቡናና ጀላቶ። አርባ አምስት ዩሮ ያለው ሳይሳቀቅ ይውላል። ኮሎሲየም ካልገባ ሠላሳ ይበቃዋል። ወጪውን አንድ ሰው ይያዝና ማታ ባቡር ላይ ይከፋፈል፤ በየቡናው "እኔ ልክፈል፣ አይሆንም እኔ" የሚባለው ግብግብ ብቻ አንድ ሰዓት ይበላል።

ማታ ስንት ሰዓት ላይ እንመለስ?

የ2 ሰዓቱን ባቡር አካባቢ ያዙ፣ ተርሚኒ ግን አርባ ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱ። ጣቢያው ትልቅ ነው፣ አንዳንዱ መስመር ሩቅ ነው፣ ወደ ባቡሩ ለመግባትም ትኬት እያሳያችሁ ነው። የመጨረሻውን ባቡር አትያዙ፤ ከዘገየ ወይ ካመለጣችሁ ሌሊቱ ጣቢያ ነው። የምትበሉትን ውጭ ገዝታችሁ ግቡ።

ጫማውን ያወለቀው ጓደኛችን ወንበር ላይ እንደተቀመጠ እንቅልፍ ይወስደዋል። የ10:30ዋ ግን ከዚያ ወዲህ ሁለቴ አብራን ሄዳለች፤ ሁለቴም እኛ ስንደርስ በሩ ላይ ቆማ፣ ስልኳን እያየች፣ "የት ቀራችሁ?" እያለች ነው ያገኘናት።